ባልና ሚስት ለወንጌል ሥራ ታንዛኒያ ሲሄዱ፦ የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት ትይዙታላችሁ?

ይህን የምጽፈው ለወንጌል ሥራ ወደ ሌላ አገር ሊሄዱ ሻንጣ እያዘጋጁ ላሉ ባልና ሚስት ነው። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ታንዛኒያ ውስጥ፣ ከምዋንዛ ወጣ ብላ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። አዳማ ሳለሁ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ በአጥቢያችን ወንጌላዊ ነበር። እጅ ጭና የላከችን ያቺው አጥቢያ ናት። ዝርዝሩን የምነግራችሁ የታንዛኒያን ነው፤ ኖሬበት የማውቀው እሱን ነውና። ኬንያም ሆነ ማላዊ ብትሄዱ ግን ብዙው ይጠቅማችኋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሽኝት ላይ የሚጸለየው ለሁለታችሁም ነው። እዚህ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይከፈላል። ባል ከመጋቢዎች ጋር ይወጣል፣ ስብሰባ ይቀመጣል፣ ሰው ይተዋወቃል፣ አፉን ይፈታል። ሚስት ቤት ታቀናለች፣ ከሰል ታያይዛለች፣ ውሃ ትጠብቃለች። ጥቂት ወራት ሲያልፉ እሱ ገበያ ላይ ዋጋ ይከራከራል፤ እሷ በር ላይ ለቆመ ሰው የምትመልሰው ቃል የላትም። ከእኛ በፊት በመጡም ከእኛ በኋላ በመጡም ባለትዳሮች ቤት ይህን አይቻለሁ። ጠቡ ስለ ጨው ወይም ስለ ስልክ ካርድ ይመስላል። ሥሩ ግን አንዱ አገሩን እየለመደ ሌላው እንግዳ ሆኖ መቅረቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ትልቁ ሥራችሁ ሁለታችሁም እኩል መልመዳችሁ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ወደዚያ ያዘነበለ ነው።

ወረቀት እና ገንዘብ

በቱሪስት ቪዛ ገብታችሁ አታገልግሉ። የመኖሪያ ፈቃድ የምትጠይቅላችሁ ተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ስለዚህ ጉዞው ከመቆረጡ ከብዙ ወራት በፊት ከእሷ ጋር ተጻጻፉ። የግብዣ ደብዳቤው ላይ የሁለታችሁም ስም እና የሁለታችሁም አገልግሎት ይስፈር። «ወንጌላዊ እገሌና ባለቤቱ» የሚል ደብዳቤ ከመጣ መልሱትና እንዲያስተካክሉት በትሕትና ጠይቁ። ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በባሏ ጥገኛነት የተመዘገበች ሚስት የራሷ ፈቃድ ከሌላት መሥራት አትችልም። ነርስ ብትሆን ክሊኒክ መርዳት፣ መምህርት ብትሆን ክፍል መግባት ይከለከላል።

የጋብቻ ወረቀታችሁ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠው ብቻ ከሆነ አይበቃም። ከወሳኝ ኩነት የተሰጠውን ያዙ፣ አስተርጉሙት፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጡት። የትምህርት ማስረጃውም እንደዚሁ። የልደት ቀናችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ መሆኑን ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሌላው በፈረንጅ ተጽፎ ከሆነ ለእኛ ግልጽ ነው። ለኢሚግሬሽን ሠራተኛ ግን ሁለት የተለያየ ሰው ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጡ፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው ይጠየቃል።

ዕቃ ስታሸጉ በፌስታል አትጠቅልሉ። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ነው፤ የእኛ ክብ ሶኬት አይገባም። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ መንገድ ስትሻገሩ በመጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ።

ስለ ገንዘብ ዝም ማለት መንፈሳዊነት የሚመስላቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፏል። ድጋፉ በብር የተወሰነለት ሚስዮናዊ ኑሮው በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። የአጥቢያው ሰው እንደ በፊቱ ይሰጣል፣ እዚህ የሚደርሰው ግን ግማሽ ነው። ስለዚህ ከላኪዎቻችሁ ጋር በጀቱን በታንዛኒያ ሺሊንግ ተነጋገሩ። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ ሕክምና፣ የፈቃድ ማሳደሻ ተብሎ ይጻፍ። በየስድስት ወሩ ይከለስ። ከተቻለ የሦስት ወር ኑሮ የሚሸፍን መጠባበቂያ ሳይኖራችሁ አትነሡ። በጀቱ ላይ «ማኅበራዊ ኑሮ» የሚል መስመርም ይግባ። እዚህ ለሠርግና ለለቅሶ መዋጮ አለ፤ ጎረቤት ሲያዋጣ እናንተ ብቻ እጃችሁን ከሰበሰባችሁ ይታያል።

እንደደረሳችሁ

መጀመሪያ ለሰፈሩ ሹም ራሳችሁን አስተዋውቁ። የመንደሩ ሊቀ መንበር «ምዌንየኪቲ» ይባላል። ከእሱ በታች ጥቂት ቤቶችን የሚወክል ሰው አለ፤ «ባሎዚ» ይሉታል። የእኛን ቀበሌ አስቡ። ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌ ጋር ሄዳችሁ ፈቃዳችሁን አሳዩ። ሁለታችሁም ሂዱ። ያን ቀን ያያት ሰው በሌላ ቀን ሚስትየዋን ብቻዋን ሲያገኛት ያውቃታል።

ሰላምታ እዚህ ከሁሉ ይቀድማል። በዕድሜ ለሚበልጣችሁ «ሺካሞ» ትላላችሁ፤ «ማራሃባ» ብሎ ይቀበላችኋል። ይህን ያላለ ሰው፣ የቱንም ያህል ጥሩ ስብከት ቢሰብክ፣ ያልታረመ ልጅ ነው። ሰው ቤት ስትደርሱ ከውጭ ቆማችሁ «ሆዲ» በሉ፣ «ካሪቡ» እስክትባሉ ጠብቁ። ዕቃ የተሸከመን፣ የታመመን፣ የደከመን፣ የተደናቀፈን ሰው ሁሉ «ፖሌ» በሉት። እኛ «አይዞህ» እንደምንለው ነው፤ እነሱ ግን ከእኛም በላይ ይሉታል። አማኞች ሲገናኙ «ብዋና አሲፊዌ» ይባባላሉ፣ መልሱ «አሜን» ነው። በምዋንዛ ዙሪያ ያለው ሕዝብ አብዛኛው ሱኩማ ነው። ገጠር ላይ ለአሮጊት እናት በጠዋት «ምዋንጋሉካ» ብትሉ ፊቷ ይፈታል፤ እሷን ስዋሂሊም ሊከብዳት ይችላል።

የሰው ብሔር አትጠይቁ። ታንዛኒያ ከ120 በላይ ብሔረሰቦች ያሏት አገር ናት። ከመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው ከጁልየስ ኔሬሬ ዘመን ጀምሮ ስዋሂሊን የጋራ አድርገው ስላደጉ፣ ገና እንደተዋወቁ ብሔር መጠየቅ ደስ አይላቸውም። እኛ ከመጣንበት አንጻር ይህ ለነፍሴ ዕረፍት ሆኖልኛል። ደግሞም በአንድ ሰፈር ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው ይኖራሉ፣ በለቅሶም በሠርግም ይደራረሳሉ። ሙስሊም ጎረቤታችሁን ገና ሳታውቁት የትራክት ወረቀት አትስጡት። እጁን ጨብጡት፣ የልጆቹን ስም ያዙ።

እህቶች፣ ጉልበት የሚሸፍን ቀሚስ ብቻ ይዛችሁ አትምጡ፤ ከዚያ የረዘመ ይሻላል። እንደ ደረሳችሁ ግን ገበያ ወጥታችሁ ኪቴንጌ የሚሉትን ባለ ቀለም የጥጥ ጨርቅ እና አንድ ጥንድ ካንጋ ግዙ። ካንጋ ለሁሉም ይሆናል፤ ይታጠቁታል፣ ሕፃን ያዝሉበታል፣ ለቅሶ ቤት ይከናነቡታል። ጨርቁ ላይ ጽሑፍ አለ። ከመልበሳችሁ በፊት አንዷን እናት አስነብቡ፤ አንዳንዱ ጽሑፍ ጎረቤት ለመንካት የሚለበስ ነው።

የሰዓት ነገር ለእኛ ቀላል ነው። የእኛና የእነሱ ሰዓት አንድ ነው፤ አቆጣጠራቸውም እንደ እኛው ከንጋት ይጀምራል። ሰው «ሳአ ሞጃ» ካላችሁ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። የአውሮፕላን ትኬትና የመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ግን በፈረንጅ ይጻፋል።

ቋንቋ፦ ሁለታችሁም፣ በእኩል ሰዓት

የምትችሉ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ወራት ለቋንቋ ብቻ ስጡ፣ ላኪዎቻችሁም ይህን አውቀው ይላኳችሁ። ሙሶማ አጠገብ ማኮኮ የሚባል፣ ሚስዮናውያን ለብዙ ዓመታት ስዋሂሊ የተማሩበት ትምህርት ቤት አለ። አቅም ካልፈቀደ የሰፈር መምህር ቅጠሩ። የእኔ ጥብቅ ምክር ይህ ነው፦ አንድ ሰው ብቻ የሚማርበት ገንዘብ ካላችሁ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ተካፈሉ። እሷ ስትማር እሱ ከሰሉን ያያይዝ፣ ልጅ ካለ ልጅ ይያዝ። ባለቤቴ ይህን ሲያደርግ የሰፈሩ ወንዶች ተገርመው ያዩት ነበር። ቆይተው ግን ሚስቶቻቸው ወደ እኔ መጥተው ማውራት ጀመሩ።

አማርኛ ተናጋሪ ለስዋሂሊ ቅርብ ነው። ፊደላችን እያንዳንዱን ድምፅ ይይዛል፤ የሰማችሁትን በፊደል ጻፉትና አንብቡት፣ አብዛኛው ይነበባል። በአንድ ግስ ውስጥ አድራጊውንም ተደራጊውንም መክተት ለፈረንጆቹ ጭንቅ ነው። እኛ «እወድሃለሁ» ስንል የኖርን ሰዎች «ናኩፔንዳ» አያስደነግጠንም። ሻይ «ቻይ»፣ ሳሙና «ሳቡኒ»፣ ስኳር «ሱካሪ»፣ ባሕር «ባሃሪ» ነው። የሚያስቸግረው ስሞቹ በየምድባቸው ፊታቸውን መቀያየራቸው ነው። አንድ መጽሐፍ «ኪታቡ»፣ ብዙ ሲሆን «ቪታቡ»። አንድ ሰው «ምቱ»፣ ሰዎች «ዋቱ»። ቅጽሉም ግሱም አብሮ ይቀየራል። ይህን በሰንጠረዥ አትሸምድዱ። ገበያ ላይ በመግዛት፣ ቤት ውስጥ ዕቃ በመቁጠር ይገባል።

ስትለምኑ «ናታካ»፣ ማለትም «እፈልጋለሁ»፣ አትበሉ፤ ትእዛዝ ይመስላል። «ናኦምባ» በሉ፣ «እለምናለሁ» እንደ ማለት ነው። ድምፃችሁንም ዝቅ አድርጉ። እኛ ስንከራከር ጮክ እንላለን፤ እዚህ እንደ ጠብ ይቆጠራል።

ቤት ውስጥ እኛ የያዝነው ሕግ እራት ላይ ስዋሂሊ፣ ጸሎት ላይ አማርኛ የሚል ነው። እራት ላይ እንሰባበራለን፣ እንተራረማለን። ጸሎት ላይ ግን ልባችን የሚያውቀውን ቋንቋ አንነፍገውም። ሙሉ ቀን በሰው ቋንቋ ከዋላችሁ በኋላ በአማርኛ «ጌታ ሆይ» ማለት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

ለሚስቶች በተለይ፦ ቋንቋ ከልጆች ተማሩ። እኔ የገባሁት የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት መሐል ነው። የአገሩ መምህርት ታስተምራለች፣ እኔ ሥዕል እይዛለሁ፣ መዝሙር አብሬ እዘምራለሁ። ሕፃን ልጅ ሲያርም አያፍርም፤ ስታጠፊ ይስቃል፣ ደግመሽ እስክትይው ይጠብቃል። አዋቂዎች ግን እንግዳን ላለማሳፈር ስሕተቱን ያልፉታል።

ወጥ ቤት

ኡጋሊ ትበላላችሁ። ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ፣ ከገንፎ የጠነከረ ነው። በቀኝ እጅ ቆርሳችሁ፣ አድበልብላችሁ፣ በአውራ ጣት ጎድጎድ አድርጋችሁ ወጡን ትጠልቁበታላችሁ። ከምቺቻ ጎመን፣ ከባቄላ፣ ከሐይቁ በምትወጣው ትንሿ ዓሣ ከዳጋ ጋር ይቀርባል። ሳቶ የሚሉት ዓሣ ከእኛ ቆሮሶ ጋር አንድ ነው፤ ሐዋሳ የበላ ሰው ደስ ይለዋል። ሰው ቤት የቀረበላችሁን ብሉ። በመጀመሪያው ዓመት «አልለመድኩትም» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አርቁት።

እንጀራም ይቻላል። ጤፍ ገበያ ላይ አታገኙም፣ ዳጉሳ ግን ሞልቷል። «ኡሌዚ» ብላችሁ ጠይቁ። ማሽላ «ምታማ» ነው። ሁለቱን ቀላቅላችሁ አቡኩት። እርሾውን ከአገር ቤት ማምጣት አያስፈልግም፤ ዳጉሳው በራሱ ይቦካል። የአየሩ ሙቀት ያፋጥነዋል፤ እንደ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ከጠበቃችሁ ይኮመጥጣል። የማይጣበቅ መጥበሻ ለምጣድ ይበቃል። ሽንብራ «ዴንጉ» ይባላል፤ ቆልታችሁ፣ አስፈጭታችሁ ሽሮ ይወጣዋል። የተነጠረ ቅቤ «ሳምሊ» በሚል ስም ይሸጣል፤ ኮረሪማ ካላችሁ ጨምራችሁ መልሳችሁ እሳት ላይ አድርጉት፣ ያገራችሁ ቅቤ ይሆናል። ስለዚህ በሻንጣ መምጣት ያለበት በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ እና ጀበና ነው። ሌላው እዚህ አለ።

ጀበናውን አትተዉት። ታንዛኒያ ቡና ታበቅላለች፤ ከሐይቁ ማዶ ያለው የቡኮባ አካባቢ የታወቀ ቡና አለው። ቤት ውስጥ ግን የሚጠጣው ሻይ ነው። ቡና ከፊታቸው ሲቆላ፣ ሲወቀጥ፣ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ አይተው አያውቁም። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አፈላለሁ። ሴቶች ይመጣሉ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። እስከ በረካ ድረስ የሚወራው ወሬ ከየትኛውም የቤት ለቤት ጉብኝት የበለጠ ሰው አስተዋውቆኛል። እነሱ ወደ እናንተ ሲመጡ ደግሞ እናንተ ባለቤት ናችሁ፤ ሚስዮናዊ ሁሌም እንግዳ ሆኖ መኖር የለበትም።

ጤና

ከደጋ የመጣ ሰው ወባን ይንቃል። አትናቁት። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ቀደም ሲል ያገለገለው አንኮበር፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነበር። ወደ ሸዋ መመለስ ሲከለከል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1844 ሞምባሳ በገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ባለቤቱ ሮዚነ በወለደች ሰሞን በወባ ሞተች። ሕፃኗም ሞተች። ከዚያ በኋላ የስዋሂሊን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ይኸው ሰው ነው። እኛ ዛሬ ያለን አጎበር፣ የደም ምርመራ እና ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ሮዚነ አልነበሯትም። ስላለን እንጠቀምባቸው። ትኩሳት ከጀመራችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ፣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትደሩ። በሰፈሩ ያለው ትንሽ ጤና ጣቢያ «ዛሃናቲ» ይባላል፤ ቦታውን በደረሳችሁ ሳምንት እወቁት። ሚስት ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ያለ አጎበር አንድም ሌሊት አትደር።

ሐይቁ ያምራል፣ ቢልሃርዚያ ግን አለበት። ዳር ላይ፣ ሣር ባለበት ውሃ አትግቡ። የውሃ ጥምቀት በሐይቁ ውስጥ የሚደረግ ከሆነና መግባታችሁ ካልቀረ፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ምርመራ አድርጉ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በቀላሉ ይታከማል።

ትዳራችሁ

ባልን «ምቹንጋጂ»፣ መጋቢ፣ ይሉታል። ሚስት ወዲያው «ማማ ምቹንጋጂ» ትሆናለች። ስሙ ከነሥራው ይመጣል። የሴቶች ኅብረት እንድትመራ፣ የታመሙትን እንድትጠይቅ፣ እንግዳ እንድታስተናግድ፣ መዘምራን አዲስ ልብስ ሲያሰፉ እንድታዋጣ ይጠበቃል። የተማረችውና አገር ቤት የሠራችው ሥራ ግን ማንም አይጠይቃትም። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ የነበረች እህት ይህን ስትነግረኝ አልቅሳለች። ሥራዋን ትታ የመጣችው ለጌታ ነው፣ አልተጸጸተችም። ግን ማን እንደሆነች ጠፍቷት ነበር።

ስለዚህ ገና ሳትነሡ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። «አንቺ እዚያ ምን ልትሠሪ ትወጃለሽ?» የሚለውን ባል ይጠይቅ፤ መልሱን እስከ መጨረሻው ይስማ። ከተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ በመጀመሪያው ዓመት ሚስትየዋ የመሪነት ኃላፊነት እንደማትወስድ ተስማሙ። ይህን መናገር ያለበት ባል ነው። እሷ ብትለው ስንፍና ይመስላል፤ እሱ ሲለው ሥርዓት ይሆናል። ፍትሐዊ አይደለም፣ ግን እንዲህ ነው የሚሰማው። የእኛ ሽማግሌዎች በደስታ ተቀብለውታል። እንዲያውም አንዲት የዕድሜ ባለጸጋ እናት እኔን እንድትይዝ መደቡልኝ፤ ገበያም ለቅሶም አብሬያት እሄድ ነበር።

ልጅ ከሌላችሁ ትጠየቃላችሁ። በመጀመሪያው ሰላምታ፣ በሰው ፊት፣ «ስንት ልጆች አሏችሁ?» ይባላል። ክፋት የለበትም። እዚህ እናት የምትጠራው በበኩር ልጇ ስም ነውና ስም ሊሰጧችሁ ፈልገው ነው። መልሱን ሁለታችሁ አስቀድማችሁ ተዘጋጁበት፣ በስዋሂሊ ልመዱት። አንዱ ሲጠየቅ ሌላው ዝም አይበል። ባሏ ከጎኗ ቆሞ «እግዚአብሔርን እየጠበቅን ነው» ሲል ለሚስት ትልቅ መጠለያ ነው።

በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን የራሳችሁ ይሁን። ቤት ውስጥ አይሆንም፤ «ሆዲ» የሚል ይመጣል፣ መመለስም ነውር ነው። ውጡ። ዳላዳላ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ምዋንዛ ሂዱ፣ ከሐይቁ ዳር ትልልቆቹ ድንጋዮች ጋ ተቀመጡ፣ በአማርኛ አውሩ። በዚያ ሰዓት ስለ አገልግሎት አታውሩ። ሰው ቢጠይቃችሁ «ዛሬ የባለቤቴ ቀን ነው» በሉ። ወጣት ባለትዳሮች ይህን ሲያዩ የሚማሩት ነገር አለ።

መርዶም ይመጣል። ይህን ማንም አይነግራችሁም። አገር ቤት መርዶ በማለዳ ነው፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሰው ይያዛል። እዚህ ግን በቴሌግራም፣ ከማያገባው ሰው «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ሆኖ ሊደርሳችሁ ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት ለቤተሰብ ንገሩ፦ ክፉ ነገር ከተሰማ መጀመሪያ ለባል ወይም ለሚስት ማን ይደውል? ማታ ነው ጠዋት? እኛ ይህን ወስነን ስለነበር አያቴ ባረፈች ጊዜ የነገረኝ ባለቤቴ ነው፣ አቅፎኝ። ከዚያ ለጎረቤት ንገሩ። አትደብቁ። የታንዛኒያ ሰው ለቅሶ ያውቃል። «ምሲባ» ይሉታል። ሴቶቹ ምንጣፋቸውን ይዘው መጡ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ማድቤቱን ተረከቡኝ። አብረውኝ አደሩ። «ራምቢራምቢ» የሚሉትን የማጽናኛ ገንዘብ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን። አያቴን አንድም ቀን አላዩዋትም። ከዚያ ወዲህ እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ ብዬ አላውቅም። እናንተም በእነሱ ለቅሶ አትቅሩ። ስብከት ቢታጠፍ ይታጠፍ፣ ለቅሶ ግን ድረሱ።

በዓላቱ አስቀድማችሁ ይታሰብባቸው። የእነሱ ገና በፈረንጅ ታኅሣሥ 25 ነው፤ የእኛ ታኅሣሥ 29 ሲደርስ አገሩ ሥራ ላይ ነው። መስከረም 1ም ተራ የሥራ ቀን ነው። ዝም ብላችሁ አታሳልፉት። ዶሮ ሥሩ፣ ጎረቤት ጥሩ፣ በቪዲዮ ከቤተሰብ ጋር ተያዩ።

ስለ ወገኖቻችን

በዚህ አገር ኢትዮጵያዊ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሻገረውን ስደተኛ ነው። ሰኔ 2004 ዓ.ም ዶዶማ ውስጥ ከ40 በላይ ስደተኞች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ በጭነት መኪና ታፍነው ሞተዋል። ብዙ ወጣቶች ያለ ፈቃድ በመግባት ታስረዋል። ስለዚህ የፈቃዳችሁን ቅጂ ሁለታችሁም በየግላችሁ ያዙ፤ በባል ቦርሳ ውስጥ ብቻ አይሁን። መንገድ ላይ ብትጠየቁ አትቆጡ።

ከእነዚህ ልጆች መካከል ቋንቋ የሚተረጉምላቸው፣ ቤተሰብ ጋ የሚደውልላቸው የሌላቸው አሉ። ልባችሁ ከተነሣ መልካም ነው። ብቻችሁን ግን እስር ቤት አትሂዱ። በተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን በኩል፣ በፈቃድ፣ ከአገሩ መጋቢ ጋር ሂዱ። ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና እና መጽሐፍ ቅዱስ ያዙ። ለማውጣት ቃል አትግቡ።

ለላኪዎቻችሁ የምትጽፉት

በየሦስት ወሩ ጻፉ። ሁለታችሁም ጻፉ፤ ግማሹ በእሱ፣ ግማሹ በእሷ እጅ ይሁን። አጥቢያው ስለ እሷም ሥራ መስማት አለበት። ከባድ ነገር ካለ ከባድ ነው በሉ። የሰው ፎቶ፣ በተለይ የሕፃናትና የታመሙ ሰዎችን፣ ሳታስፈቅዱ አትላኩ። እነዚህ ሰዎች ጎረቤቶቻችሁ ናቸው፤ ፎቷቸው ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሲሆን ቢያዩ ምን እንደሚሰማቸው አስቡ።

ለሁሉ ከሚነበበው ደብዳቤ ሌላ አንድ የምታምኗቸው ባልና ሚስት አገር ቤት ይኑሯችሁ። ከአጥቢያው አመራር ውጭ ቢሆኑ ይሻላል። በወር አንድ ጊዜ ይደውሉላችሁ፤ እሱ ከእሱ ጋር፣ እሷ ከእሷ ጋር ለየብቻ ያውሩ። የሚጠይቋችሁ ስንት ሰው አመነ ብለው ሳይሆን እንዴት እየተኛችሁ ነው፣ ትስቃላችሁ ወይ፣ አብራችሁ ትጸልያላችሁ ወይ ብለው ይሁን።

ዓመቱ ሳያልቅ የዕረፍት ጉዟችሁን ስታስቡ የፈቃዱን ማብቂያ ቀን ተመልከቱ። ማሳደሱ ይዘገያል። ከማብቂያው ከሦስት ወር በፊት ማመልከቻው ይግባ፣ የሁለታችሁም ወረቀት በአንድ ቀን ይግባ፣ ትኬት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።